የሲግና ውድቀትና ተጀምረው የቀሩት የመሀል ከተማ ሕንፃዎች፦ ጥያቄና መልስ

ለማታውቁት በአጭሩ ልበል። ሲግና የኦስትሪያዊው ሬኔ ቤንኮ የሪል ስቴት ቡድን ነበር። እናት ኩባንያው በኖቬምበር 2023 ቪየና ላይ ለኪሳራ አመለከተ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእኔ ሙያ የግንባታ ወጪና ክፍያ ነው፤ እሱን ጠይቁኝ። ጠያቂዎቹ በቅጽል ስማቸው ነው የቀረቡት።

ብሎኬት፦ ጋሼ፣ ሲግና የወደቀው በኖቬምበር ነው። ጀርመን ሀምቡርግ ላይ የጀመረው ኤልብታወር የሚባለው ረጅም ሕንፃ ግን ሥራው የተቋረጠው በኦክቶበር ነው። እንዴት ቀደመ?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ተቋራጩ ገንዘቡ ስላልገባለት ሥራ አቆመ። በቃ። 245 ሜትር ሊደርስ የታሰበው ሕንፃ 100 ሜትር አካባቢ ላይ ቀረ። ፕሮጀክቱን በከንቲባነቱ ዘመን የገፋው ኦላፍ ሾልትስ ስለነበር፣ የከተማው ሰው «አጭሩ ኦላፍ» ብሎ ይቀልድበታል።

ኪሳራን ከፍርድ ቤት በፊት የሚያውቀው ግንበኛው ነው። ክፍያ ሲዘገይ መጀመሪያ ሠራተኛ ይቀነሳል። ክሬኑ ቆሞ ይታያል፣ አርማታ ግን አይሞላም። የቆመ ሕንፃ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም። አናቱ ላይ የቀረው ፌሮ ይዝጋል፣ ዝናብ በወለሎቹ ክፍተት ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥበቃ በየወሩ ይከፈለዋል። አዲስ ተቋራጭ ሲመጣም ሌላው በሠራው ላይ ዋስትና መስጠት አይፈልግም። እንደገና ይፈትሻል፣ ስጋቱንም ዋጋው ላይ ይጨምራል። ለዚህ ነው «ቀሪውን ብቻ ጨርሱት» የሚባል ነገር የሌለው።

ተማሪዋ፦ ይሄ ሁሉ ሕንፃ እያለው እንዴት ይከስራል? አንዱን ሸጦ ሌላውን አይጨርስም?

መልስ፦ ኪሱ አንድ አይደለማ። ሲግና ከ1,000 በላይ ኩባንያዎች ነበሩት። እያንዳንዱ ትልቅ ሕንፃ የራሱ ኩባንያ፣ የራሱ አበዳሪ፣ የራሱ መያዣ አለው። ሕንፃው ሲሸጥ በመያዣ የያዘው ባንክ ይቀድማል። ሊፍት አስገጣሚውና ቀለም ቀቢው ከኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት፣ የመሬቱ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበውና እናንተ ጋር የሚፈርመው ኩባንያ አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ደላላው፦ ሁሉም ወለድ ነው የሚለው። አንድ ሕንፃ በወለድ ብቻ ይወድቃል?

መልስ፦ ቁጭ ብለህ አስላው። በዓመት 10 ሚሊዮን ዩሮ የሚከራይ ሕንፃ አለህ እንበል። ገዢው ከሚከፍለው ዋጋ በዓመት 2.5 በመቶ ትርፍ ከበቃው ዋጋው 400 ሚሊዮን ነው። አንተም በዚያ ግምት 240 ሚሊዮን ትበደራለህ። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ወለድ ከፍ እያደረገ በሴፕቴምበር 2023 የተቀማጭ ወለዱን 4 በመቶ አደረሰው። ያኔ ገዢው ቢያንስ 4 በመቶ ካላገኘ አይነካህም። ዋጋህ 250 ሚሊዮን ሆነ። ኪራዩ አልቀነሰም፣ ጡብ አልወደቀም፣ ከዋጋው ላይ ዕዳው ሲቀነስ የሚቀረው የአንተ ድርሻ ግን ከ160 ወደ 10 ሚሊዮን ወረደ። ከዚህ በኋላ ሥራውን ማስጨረሻ የሚያበድርህ ማን ነው? የግምት ወረቀት ለግንበኛ ደሞዝ አይሆንም።

ወሬ ናፋቂ፦ ስለ ቤንኮ ቪላዎችስ?

መልስ፦ ይዝለለን።

ሰገነት፦ ሲግና ይዟቸው የነበሩትን የጀርመን ትልልቅ መደብሮች፣ ጋሌሪያን፣ የገደላቸው ኦንላይን ገበያ ነው እኮ።

ደላላው፦ ኦንላይን ምን አደረገ? ኪራዩ ነው እንጂ! መደብሩም ብዙው ሕንፃም የአንድ ሰው። ኪራዩን ሰቅለህ የሕንፃውን ግምት ታሳድጋለህ፣ መደብሩ ይታነቃል።

ሰገነት፦ ታዲያ የሲግና ያልሆኑት የመደብር ሰንሰለቶች ለምን ይዘጋሉ?

ደላላው፦ አንተ ደግሞ ልብስ እንኳ በስልክ ነው የምትገዛው፣ ምን ታውቃለህ።

መልስ፦ ሁለታችሁም የውስጥ መስመር ግቡ። ከ2020 እስከ 2024 ሦስቴ ኪሳራ የገባ መደብር ከአንድ በላይ ምክንያት አያጣም።

ኮርኒስ፦ ገንዘቤን ያልከፈለኝን ኩባንያ ትቼ እናት ኩባንያውን መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አላነበብክም ማለት ነው። ውልህ ላይ የፈረመው ማን ነው? እናትየው ዋስ ሆና ካልፈረመች ዕዳው የልጅየው ነው። ፈራሚውን እዩ፣ ባለመሬቱን እዩ። ስንቴ ልበለው?

ተማሪዋ፦ ከተማውስ ራሱን እንዴት ይጠብቃል?

መልስ፦ ሀምቡርግ መሬቱን ስትሸጥ መልሳ የመግዛት መብት ውሉ ውስጥ አስገብታ ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ ሕንፃ የተቀመጠበትን መሬት መልሶ መግዛት ሌላ ራስ ምታት ነው። እኔ ብሆን ጠንካራ የማጠናቀቂያ የባንክ ዋስትና ሳይቀርብ የቁፋሮ ፈቃድ አልሰጥም። ቦታው ላይ ያለው አሮጌ ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት ማለቴ ነው፤ ካፈረስክ በኋላ የመደራደር አቅም የለህም።

አዲስ ገቢ፦ የሪል ስቴት መጪው ጊዜ ምን ይመስላል?

መልስ፦ የት አገር? የምን ሕንፃ? ጥያቄ ይዘህ ተመለስ።

ብሎኬት፦ የመጨረሻ። ቪየና ማሪያሂልፈር ጎዳና ላይ ሲግና የጀመረው ላማር መደብርስ?

መልስ፦ በ2024 ሌላ ገዢ ወሰደው። ዕቅዱንም ቀየረ፤ የቅንጦት መደብር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የድሮዎቹ አቅራቢዎች ሂሳብ ግን ከሕንፃው ጋር ለገዢው አልተላለፈም። ለምን እንደሆነ ኮርኒስ ይንገርህ።