ከቀስቱ ግራና ቀኝ ስንት ነገር አለ?

እህቴ፣ «ኢኩዌሽኑን ባላንስ አደርጋለሁ፣ የሪአክሽኑን ዓይነት ስጠየቅ ግን ሲንግልና ደብል ዲስፕሌስመንት ይምታቱብኛል» ብለሻል። ለሰፈር ልጆች ኬሚስትሪ ሳስጠና ዓመታት አልፈውኛል፤ ይሄን ያልጠየቀኝ ልጅ የለም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ከቀስቱ ግራና ቀኝ ስንት ዓይነት ነገር እንዳለ ቁጠሪ። ከፊት የተጻፈውን ቁጥር ተዪው፤ ብዙ ልጅ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 2 ማግኒዚየም ቢልም ያው ማግኒዚየም ነው። በቀኝ አንድ ብቻ ካለ ኮምቢኔሽን፣ በግራ አንድ ብቻ ካለ ዲኮምፖዚሽን። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ኖራና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ዲኮምፖዚሽን። ኖራው ላይ ውሃ ሲፈስበት እየጋለ ይፍለቀለቃል፣ የሚወጣው ግን አንድ ውህድ ነው፤ ኮምቢኔሽን።

ያንቺ ችግር ሁለት በሁለት ሲሆን ነው። ያኔ ብቻውን የቆመ ኤለመንት ፈልጊ፤ በግራም በቀኝም። ምስማር ሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ውሃ ውስጥ ከተሽ ቆይተሽ እዪው። ቀይ ቡናማ ነገር ይለብሳል፣ ሰማያዊው እየፈዘዘ ይሄዳል። አይረን ብቻውን ገባ፣ ኮፐር ብቻውን ወጣ። ሲንግል። (ኦክስጅን ብቻውን ገብቶ የወጣው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ግን ኮምባስሽን ነው።) ደብል ላይ ብቻውን የሚቆም የለም፤ ሁለቱ ውህዶች አጋር ይለዋወጣሉ። ሲልቨር ናይትሬትና የጨው ውሃ ስትደባልቂ ነጭ ዝቃጭ የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ሲልቨር ክሎራይድ ነው።

እኔን የጣለኝን ልንገርሽ። ካልሲየም ካርቦኔት ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር። በቀኝ ሦስት ነገር አለ፦ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ብቆጥር ብቆጥር ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለኝ። «ዲኮምፖዚሽን» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ! ለምን እንደሆነም የነገረኝ የለም። የገባኝ ራሴ ማስጠናት ስጀምር ነው። ልውውጡ የሚሰጠው ካርቦኒክ አሲድ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆይም፣ ወዲያው ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ስለዚህ ደብል ነው፤ ሦስት ያስመሰለው የፈረሰው አሲድ ነው።

«ሬዶክስ ነው ወይ?» ሲሉሽ አትደንግጪ፤ ራሱን የቻለ ዓይነት አይደለም፣ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዷል ወይ ማለት ነው። ሲንግል ሁሉ ሬዶክስ ነው፤ ብቻውን የገባው ኤለመንት ኦክሲዴሽን ነምበሩ (የሰጠውን ወይም የወሰደውን ኤሌክትሮን የሚያሳየው ቁጥር) ከዜሮ ይነቃነቃል። ከላይ ያነሳኋቸው ሁለት ደብሎች አይደሉም። ኮምቢኔሽን ላይ ግን ማየት አለብሽ፦ የማግኒዚየም መቃጠል ሬዶክስ ነው፣ የኖራና የውሃው አይደለም።