ተምር ለይፋት ቆላ፦ የትኛው ዝርያ? (ጥያቄና መልስ)

በሸዋሮቢትና በአጣዬ ቆላ ተምር ለመትከል የምታስቡ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ግማሽ ሄክታር የሽንኩርት መሬት አለኝ። መጅሁል የሚባለው የተምር ዝርያ ጥሩ ዋጋ ያወጣል ይሉኛል። ልትከለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋጋው እውነት ነው፤ ግን ከዋጋው በፊት ክረምቱን አስብ። ተምር ውሃ የሚፈልገው ከሥሩ ነው። ፍሬው ሊበስል ሲል የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከደረሰበት ይሰነጠቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። መጅሁል ለስላሳ ስለሆነ ይህን አይችልም። እኔ ብሆን አብዛኛውን በርሂ አደርገዋለሁ። በርሂ ቢጫ ሆኖ ገና ሳይለሰልስ በእሸትነቱ ይበላል፤ ሲነክሱት ቀጭ ይላል፣ ይጣፍጣል። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዚያ ዕድሜያቸው ምላስ ይይዛሉ። በርሂን ቀድመህ ስለምትለቅመው ዛፍ ላይ ዝናብ የሚጠብቅበት ጊዜ ያጥራል። መጅሁልን ሁለት ሦስት እግር ሞክርና ዘለላው መቼ ቢጫ እንደሆነ፣ መቼ እንደለሰለሰ ቀኑን ጻፍ። የማሳህን ጠባይ ከዚያ ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ ከሱቅ የገዛሁት ተምር ፍሬው በቅሎልኛል። ይሆነኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጥላ ይሆንሻል። የተምር ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ከፍሬ ከበቀለው ግማሽ ያህሉ ወንዴ ነው፤ ሴቴዋም ብትሆን እናቷን አትመስልም። እኔ «ሁሉም ሴቴ ናቸው» ተብዬ ስድስት ችግኝ ገዝቼ፣ አምስት ዓመት ውሃ ሳጠጣ ኖሬ አራቱ ወንዴ ሆነው ወጡ። ዛሬም ያንገበግበኛል። እንደ ሙዝ ከእናቲቱ ግርጌ የሚወጣውን ልጅ፣ ወይም በቲሹ ካልቸር (ከእናቲቱ ትንሽ አካል ተወስዶ በቤተ ሙከራ) የተባዛውን ግዢ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃንስ?

መልስ፦ አይሆንም። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ብርዱ ፍሬ አያስይዘውም።

ጥያቄ፦ ንብ አለኝ፤ ለማዳቀሉ ይበቃል?

መልስ፦ በንብ አትተማመን፣ በእጅህ ነው። የሴቴዋ አበባ ሽፋኑን ሰንጥቆ በወጣ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ከወንዴው አበባ ጥቂት ዘንግ ቆርጠህ፣ ገልብጠህ መሃሏ ሰካና በገመድ ላላ አድርገህ እሰረው። ስትነካካው ነጭ ዱቄት እጅህ ላይ ከቀረ ጥሩ ነው። አንድ ወንዴ ለ50 ያህል ሴቴ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሽንኩርቴን ልተወው ማለት ነው?

መልስ፦ የለም። 8 ሜትር በ8 ሜትር ብትተክል ግማሽ ሄክታሩ 78 እግር ገደማ ይይዛል። ተምሩ ፍሬ እስኪሰጥ አራት አምስት ዓመት ስለሚፈጅ መሃሉን ሽንኩርትና ማሾ አልማበት። ብቻ የችግኙን እምብርት፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን መሃሉን፣ አፈር አታልብሰው፤ ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል።