ቢሊዮን ሲባል ለምን አይገባንም? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሂሳብ ምርመራ ነው፤ ብዙ ዜሮ ካላቸው ቁጥሮች ጋር ነው የምውለው። ስለ ግዙፍ ገንዘብ ዜና በተሰማ ቁጥር ተመሳሳይ ግራ መጋባት ስለማይ፣ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሚሊዮንም ቢሊዮንም ስሰማ "ብዙ ነው" ከማለት ያለፈ ስሜት አይሰጠኝም። የሂሳብ ድክመት ስላለብኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ሳንቆጥር በአንድ እይታ ለይተን የምናውቀው ሦስት ወይም አራት ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ወይ እንቆጥራለን ወይ እንገምታለን። ግምታችን ደግሞ "ምን ያህል ተጨመረ?" ብሎ ሳይሆን "ስንት እጥፍ ሆነ?" ብሎ ነው የሚሠራው። ኤርንስት ዌበርና ጉስታቭ ፌክነር የተባሉ ጀርመናውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን በክብደትና በሌሎች ስሜቶች ላይ አሳይተዋል። በእጃችን የያዝነው ቀላል ከሆነ ትንሽ ጭማሪ ወዲያው ይታወቀናል፤ ከባድ ከሆነ ያው ጭማሪ ጨርሶ አይሰማንም።

ቁጥርም ላይ ያው ነው። በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት በአማዞን ደን የሚኖሩትን የሙንዱሩኩ ሕዝቦች ከ1 እስከ 10 ያሉትን ብዛቶች በአንድ መስመር ላይ እንዲያስቀምጡ ጠይቆ ነበር። ትንንሾቹን አራርቀው፣ ትልልቆቹን አጠጋግተው አስቀመጡ። ትምህርት ቤት የገባን ሰዎች ለትንንሽ ቁጥሮች ይህን ዝንባሌ በልምምድ አስተካክለነዋል። ለቢሊዮን ግን ማን አለማመደን?

ጥያቄ፦ የተማረ ሰውም ይሳሳታል እያሉ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በሰፊው። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ተሳታፊዎቹን ከአንድ ሺህ እስከ አንድ ቢሊዮን በሚዘረጋ መስመር ላይ ቁጥሮችን እንዲያስቀምጡ ሲጠይቃቸው፣ ጥቂት የማይባሉት አንድ ሚሊዮንን መሀል አካባቢ አደረጉት። ሺህ፣ ሚሊዮን፣ ቢሊዮን እኩል ደረጃዎች ይመስሉናል፤ አጠራራቸውም በቅደም ተከተል ነውና።

እስቲ ይህን አሁኑኑ ሞክሩት። አንድ ሜትር መስመር አስምሩ። ግራው ጫፍ ዜሮ፣ ቀኙ ጫፍ አንድ ቢሊዮን ይሁን። ሚሊዮን የት ነው? ቢሊዮን ሺህ ሚሊዮን ነውና፣ ከዜሮው 1 ሚሊሜትር ላይ። ወፍራም እስክሪብቶ ከያዛችሁ ዜሮን ለማመልከት ያደረጋችሁት ነጥብ ራሱ ሚሊዮንን ይሸፍነዋል። ግማሽ ቢሊዮን ያለው ሰው መሀል ላይ ቆሟል፤ አሥር ሚሊዮን ያለው ግን ከዜሮው 1 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የራቀው። እኔ ለአዲስ ባልደረቦች ሁሌም ይህንን መስመር ነው የማሳየው፤ ሲያሰምሩት ካላዩት ቃሉ ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ በወጪ ቢሰላስ?

መልስ፦ በቀን 1,000 የሚያወጣ ሰው ሚሊዮኑን ሦስት ዓመት ሳይሞላው ይጨርሳል። ቢሊዮኑን ለመጨረስ ከ2,700 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ጥያቄ፦ በትንሽ ዕቃ ዋጋ ሽንጤን ገትሬ እከራከራለሁ፤ ቤት ስገዛ ግን ብዙ እጥፍ የሚሆን ገንዘብ ሳላንገራግር ከፈልኩ። ለምን?

መልስ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1981 ያወጡት ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። የሂሳብ ማሽን ልትገዛ ነው፤ 20 ደቂቃ ነድተህ ሌላ ሱቅ ብትሄድ 5 ዶላር ይቀንስልሃል፤ ትሄዳለህ? ብለው ጠየቁ። ማሽኑ 15 ዶላር ነው ሲባል 68 በመቶው እሄዳለሁ አለ። 125 ዶላር ነው ሲባል ግን እሄዳለሁ ያለው 29 በመቶ ብቻ ነው። የሚተርፈው አምስት ዶላር ያው ነው፤ መንገዱም ያው ነው።

ቤት ሲገዛ "ይህቺ ጭማሪ ከዋጋው አንጻር ምንም አይደለችም" የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሻጮችም ይህን ያውቁታል። መፍትሔው ጭማሪዋን ከቤቱ ዋጋ መለየት ነው፦ "ይህን ገንዘብ ለማግኘት ስንት ወር ሠራሁ?" ብሎ መጠየቅ። የወር ደመወዝ የማይደበዝዝ መለኪያ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቂት ሺህ የሰረቀ ሲያናድደን ቢሊዮን የባከነበት ለምን እንዲያ አያናድደንም?

መልስ፦ ስሜት የሚነሳው በዓይነ ሕሊናችን ከምናየው ነገር ስለሆነ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ነበር፤ የነዳጅ ዝቃጭ ባለባቸው ኩሬዎች ሰጥመው የሚሞቱ ወፎችን ለማዳን ስንት ትከፍላላችሁ የሚል። ለ2,000 ወፎች በአማካይ 80 ዶላር፣ ለ20,000 ወፎች 78፣ ለ200,000 ደግሞ 88 ዶላር ብለው መለሱ። ወፎቹ መቶ እጥፍ ሲሆኑ የቀረበው ገንዘብ ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹ የከፈሉት በአእምሯቸው ለታየቻቸው ለአንዲት ዘይት ለበስ ወፍ ነበርና። በሕዝብ ገንዘብም ላይ እንዲህ መሆኑ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ በበዛ መጠን ጠያቂው ያንሳል።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት 2 ቢሊዮን አተረፈ ይባላል። ብዙ ነው ትንሽ?

መልስ፦ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከስንት ሽያጭ? በስንት ካፒታል? አምና ስንት ነበር? በ4 ቢሊዮን ካፒታል ከሆነ አስደናቂ ነው፤ በ200 ቢሊዮን ከሆነ አንድ በመቶ ነው። እኛም ስንመረምር ስህተትን የምንመዝነው በዜሮዎቹ ብዛት ሳይሆን ከጠቅላላው አንጻር ባለው ድርሻ ነው።

የሂሳብ መግለጫ በእጃችሁ ከገባ ደግሞ መጀመሪያ ከዓምዱ አናት ላይ በትንንሹ የተጻፈውን እዩ። "በሺህ" ወይም "በሚሊዮን" ይላል። "በሺህ" ከሚለው ስር ያለ 45,000 እውነተኛው መጠኑ 45 ሚሊዮን ነው። ይህን መስመር ዘለው ሲከራከሩ የሚውሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ የዋጋ ግሽበት ባለበት አገር ሰዉ ትሪሊዮን (ሺህ ቢሊዮን) ይለምዳል?

መልስ፦ ቃሉን ይለምዳል፣ ብዛቱን ግን አይደለም። በኅዳር 1923 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን የጀርመን ማርክ ደርሶ ነበር። አዲሱ ገንዘብ ሲመጣ 12 ዜሮ ተሠረዘ። ዚምባብዌ በ2009 ባለ 100 ትሪሊዮን ኖት አሳትማ በዚያው ዓመት በውጭ አገር ገንዘብ ወደ መገበያየት ገባች። ቱርክም በ2005 ስድስት ዜሮ ቆርጣለች።

ጥያቄ፦ "100 ቢሊዮን አለው" የሚባለው ባለጸጋ ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ይዟል?

መልስ፦ የለም። በአብዛኛው የአክሲዮኖቹ ብዛት በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተባዝቶ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልሽጥ ቢል ዋጋው ራሱ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ መንግሥት "40 ቢሊዮን መደብን" ሲል ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከማካፈል። መጀመሪያ በስንት ዓመት እንደሆነ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከታች ተደብቆ ይገኛል። 10 ዓመት ከሆነ በዓመት 4 ቢሊዮን ነው። ከዚያ ለሕዝቡ አካፍሉ፦ አገሪቱ 80 ሚሊዮን ሰው ካላት ለአንድ ሰው በዓመት 50፣ በወር ከ4 ትንሽ በላይ ይደርሳል። አሁን ገንዘቡ ለታሰበው ሥራ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ቀጥላችሁ ደግሞ ከዚህ ውስጥ አዲስ የተጨመረው ስንቱ ነው፣ አምናም የነበረው ስንቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ።