መልስ፦ ሮበርት ስሞልስ ከመርከቧ በኋላ
መርከብ ይዞ ያመለጠው ባሪያ በኋላ ምን ሆነ ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ሮበርት ስሞልስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 1862 ሌሊት፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እሱ የሚሠራባት የደቡቡ (ባርነትን የሚደግፈው ወገን) ጦር መርከብ ነጮቹ መኮንኖች ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ባለችው ቻርልስተን ከተማ አድረው ሳለ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ፣ የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ አድርጎ፣ የወደቡ ምሽግ ፎርት ሰምተር ጋ ሲደርስ የተለመደውን ምልክት በመርከቧ ጡሩምባ ነፍቶ አለፈ፣ ከዛ የደቡቡን ባንዲራ አውርዶ ለሰሜኑ ጦር እጅ መስጠቱን ለማሳየት ነጭ አንሶላ ሰቀለ። እኔን ግን በጣም የሚገርመኝ ከዛ ወዲህ ያለው ነው፤ ወደ ትውልድ ከተማው ቦፈርት ተመልሶ ጓሮው ውስጥ ባሪያ ሆኖ የተወለደበትን የጌታውን ቤት በታክስ ሐራጅ ገዛው፣ ሱቅ ከፈተ፣ በ1868 የሳውዝ ካሮላይና ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ለሁሉም ልጅ ነፃ ትምህርት እንዲኖር ተሟገተ፣ በዛው ዓመት ለስቴቱ ምክር ቤት ተመረጠ፣ ቀጥሎ ለስቴቱ ሴኔት፣ ከ1875 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ገባ። ማንበብ እንኳን የተማረው ካደገ በኋላ ነው እኮ! በ1915 እዛው የገዛው ቤት ውስጥ አረፈ።