«በእምነት ማነስ ነው የምትከለክሉኝ» ለሚሉት አባት

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባቴ የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ ሕመም ተጨመረባቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃቸው አጥሯል፣ ድምፃቸውም ሰልሏል። ሐኪማቸውም የንስሐ አባታቸውም እንዳይጾሙ ነግረዋቸዋል። እርሳቸው ግን መርፌውን ከተወጉ በኋላ ቁርሱን በልቻለሁ እያሉ ይደብቁታል፤ ኪኒናቸውንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩታል። በቀደም በቅዳሴ ላይ ሰግደው ሲነሡ ወደቁ። ስንለምናቸው «በእምነት ማነስ ነው የምትከለክሉኝ» ይላሉ። ብሉ ብዬ መጨቅጨቄ ኃጢአት ይሆንብኛል? ጠበል ከጀመሩ መድኃኒቱን ይተዉት የሚሉ ዘመዶችስ ትክክል ናቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ኃጢአት አይሆንብሽም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣሽ እርሱ እንደሆነ ከጥያቄሽ ስለገባኝ ነው።

የጾምን ሥርዓት አንቺም አባትሽም ታውቁታላችሁና አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ በብዙ አረጋውያን ዘንድ ደጋግሜ ያገኘሁት አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጾሞ በእርጅናው «አሁን ብላ» ሲባል፣ ከጾመኞች መዝገብ ስሙ የተፋቀ ይመስለዋል። ፈቃዱን እንደ ምሕረት ሳይሆን እንደ ስንብት ይቀበለዋል። ስለዚህ በስውር ይጾማል፤ በስውር የሚጾመውም ከሰው ውዳሴ ለመሸሽ አይደለም፣ የተነጠቀውን ማዕረግ ለማስመለስ ነው። አባትሽን አልወቅሳቸውም። እንዲህ የሚያደርጋቸው ፍቅር ነው። ግን መንገዱን የሳተ ፍቅር ነው።

ጹም ብላ ያዘዘችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሕመምተኛውን ከጾም ግዴታ ያሳረፈችውም እርሷው ናት። የመጀመሪያውን ቃል ተቀብሎ ሁለተኛውን መጣል መታዘዝ አይባልም። ሳሙኤል ለሳኦል «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» ያለው መሥዋዕትን ንቆ አልነበረም። ሳኦል ያልታዘዘውን ነገር መሥዋዕት ብሎ ስላቀረበ ነው። የንስሐ አባታቸው «ብሉ» ካሉ፣ ለአባትሽ በሰዓቱ የበሉት ቁርስ የታዘዙት ጾም ነው። የደበቁት ቁርስ ግን የራሳቸው ፈቃድ ነው፤ በዚያ ላይ ውሸት ታክሎበታል። ይህ ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ለስላሳውን ቃል ሁሉም ነግሯቸው አልሰሙም።

አሁን ወደ ሥጋው ነገር ልምጣ፤ መንፈሳዊ ጥያቄ ነው ብዬ ባልፈው በነፍሳቸው መቀለድ ይሆንብኛልና።

ጠዋት የተወጋ ኢንሱሊን ጾም መሆኑን አያውቅም። ምግብ ቢመጣም ባይመጣም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ማውረዱን ይቀጥላል። ልኬቱ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ሐሳብ ይደናገራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰው ራሱን ይስታል። የአባትሽ ልዩ አደጋ እዚህ ላይ ነው። እጃቸው ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ቤተሰቡ «የለመደባቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕመሙ የአደጋውን ደወል ሸፍኖታል ማለት ነው። እንግዲህ በዓይን አትመኑ፤ መንቀጥቀጡ ከወትሮው ሲበረታ፣ ላብ ሲያጠምቃቸው ወይም ንግግራቸው ሲዘበራረቅ በመለኪያው ለኩ። ዝቅ ካለና እርሳቸው ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ቶሎ የሚሠራ 15 ግራም ያህል ስኳር ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አታድርጉ፤ ይህ ለማንም ይሠራል፣ ፓርኪንሰን መዋጥን ስለሚያውክ ለእርሳቸው ደግሞ ይብሳል። ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ሌላም አለ። ሁለቱም ሕመሞች ሆድ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ሊያዘገዩ ይችላሉ። ኢንሱሊኑ ቀድሞ ይሮጣል፣ የተበላው ምግብ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የመርፌውንና የምግቡን ሰዓት በግምት አታስተካክሉ፤ የደበቋቸውን ቁርሶች ሳይቀር ለሐኪሙ ንገሩት። ሐኪም እውነቱን ካልሰማ፣ አባትሽ በላሁ ላሉት ምግብ የሚመጥን መጠን ያዝዛል፤ ያልተበላውን ምግብ የሚጠብቀው መድኃኒት ደግሞ ይጎዳቸዋል። ለማስመለስ ወይም ለሆድ ሕመም አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላቸውም ፓርኪንሰን እንዳለባቸው አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የፓርኪንሰኑን ምልክት ያባብሳሉና።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው ኪኒና ሌቮዶፓ የሚባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። በአእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት እየሞቱ ነው፤ ኪኒናው የጎደለውን ይተካል። ሰዓቱ ሲያልፍ እግር መሬት ላይ እንደተሰፋ ይቀራል። በድንገት ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ብርቱ ትኩሳትና የሰውነት መገታተር አስከትሎ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ደግሞም ፕሮቲን የበዛበት ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻማው፣ ብዙውን ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይቶ እንዲወሰድ ይመከራል። ኪኒናውን አቆይቶ ከዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ ጋር መዋጥ እንግዲህ ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው።

መውደቃቸውም ከስንፍና አልመጣም። ስኳርም ፓርኪንሰንም ሰው ከወገቡ ቀና ሲል የደም ግፊቱን የሚጠብቁትን ነርቮች ያዳክማሉ፤ ሲነሡ ደሙ ወደ ታች ይቀራል፣ ዓይን ይጨልማል። በስግደት ፈንታ ተቀምጠው ራሳቸውን ዝቅ ያድርጉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ጫማ አውልቀው የቆሙበትን እግራቸውን ማታ ማታ እይላቸው፤ ስኳር ያደነዘዘው እግር ቢወጋም ለባለቤቱ አይናገርም።

ስለ ጠበሉ። ዘመዶችሽ ትክክል አይደሉም፣ ይህንን ሳላመነታ እላለሁ። እኛ በጠበል እናምናለን፤ የዳኑትን አይተናል። ነገር ግን ጠበልን የመድኃኒት ባላጋራ ያደረገ ማን ነው? ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ከእርሳቸው በፊትም መጽሐፍ አስተምሮናል። ሕዝቅያስ ታሞ አለቀሰ፤ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ኢሳይያስ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲለጥፉ። ነቢዩ የእግዚአብሔርን ቃል ተጠራጥሮ ነውን? ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ጽፏል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ነው። ከዚያ በፊት ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ሕፃናት እናቶቻቸው እያዩ ይሞቱ ነበር። እነዚያ እናቶችም ይጸልዩ ነበር። ያ ጸሎት ያገኘውን መልስ ዛሬ «ጠበል ጀምሬአለሁ» ብሎ መጣል ጌታን መፈታተን ነው። ጠበሉን ይጠጡ፣ ይጠመቁ፤ መርፌውንም ኪኒናውንም በሰዓቱ ይውሰዱ። ለመጠመቅ ሲሄዱ ብቻቸውን አይሂዱ።

ባለመዳናቸው እምነታቸው ጎድሏል የሚል ቢኖርም፣ ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው አንብቡለት። የራሱን መውጊያ እንዲያነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖም የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር።

ለቅዱስ ቁርባን ስለሚጾመው ጾም ጠይቀሽኝ ባይሆንም እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይህን በራሳችሁ አትወስኑ። የንስሐ አባታቸው ከሐኪሙ የሰዓቱን ነገር ተረድተው አስቀድመው ይምሯችሁ። ያለ ምክር ኢንሱሊን ወግቶ 18 ሰዓት መቆየትም፣ ከቁርባን መሸሽም ሁለቱም አይገቡም።

አሁን ስለ አንቺ። ቁርሱን ይዘሽ በሰው ፊት አትገሥጫቸው። ሰውየው እጃቸው፣ እግራቸውና ድምፃቸው ከእጃቸው እየወጣ ነው፤ ጾሙ የቀረላቸው የመጨረሻ የራሳቸው ነገር መስሏቸዋል። እርሱንም የነጠቅሻቸው እንዳይመስላቸው። የንስሐ አባታቸውን ወደ ቤት ጥሪያቸው፤ ማዕዱን ባርከው «ብሉ» የሚለውን እርሳቸው ይንገሯቸው፣ እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ቀኖና። የሚጾሙትም ነገር ይስጧቸው፤ ቁጣን፣ የቆየ ቂምን፣ ሰው ማማትን፣ በቀን የተወሰነ የዝምታ ሰዓት። የአልጋ ቁራኛ እንኳ ሊጾመው የሚችለው ጾም ነው፤ ጤነኞቹ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንጾመውም። ቁርሱን ጭራሽ እምቢ ካሉም መርፌው ከመወጋቱ በፊት ይሁን፤ በዚያ ቀን መጠኑ ምን እንደሚሆን ሐኪሙን ጠይቂ፣ ኢንሱሊኑንም በራስሽ ጨርሰሽ አታቋርጪው።

እንግዲህ እግዚአብሔር በመልአኩ ለኤልያስ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» እንዳለው አስቢ። ያንን ቃል የሰማው ነቢይ ነው፣ ያዘዘውም መልአክ ነው፤ እንጀራው ከተበላ በኋላ የመጣው ደግሞ የ40 ቀንና የ40 ሌሊት መንገድ ነው።

ዛሬ ማታ ከራት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጪና ዘጸአት 17ን ከቁጥር 8 ጀምረሽ አንብቢላቸው። የሙሴ እጆች በከበዱ ጊዜ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሆር በግራና በቀኝ እጆቹን ደገፉ። ሙሴ ተቀምጦ ጸለየ፣ ሌሎች ደግፈውት ጸለየ፤ ጸሎቱም እስከ ፀሐይ መግቢያ ተቆጠረለት። ስታነቢ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ያዢው።