ኦ ክፍል ወይስ ኬጂ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልስ የምትሰጠው በባሕር ዳር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትንንሾችን ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሐይቁ ዳር ቡና አፍልቼ ነው የምተዳደረው፤ ቤቴ ሹም አቦ ነው። ልጄ ለመስከረም አምስት ዓመት ይሞላዋል። ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ ኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ትንንሾች የሚማሩበት ክፍል አለው። ጎረቤቴ ግን «እዚያ ካስገባሽው ተጫውቶ ነው የሚመለሰው» አለችኝ። የእሷ ልጅ የግል ኬጂ ገብቶ «ኤ ፎር አፕል» እያለ ይውላል። ዕቁብ ደርሶኛል፤ ለኬጂ ልክፈለው? ወይስ ቤት ይቆይና ቀጥታ አንደኛ ክፍል ይግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቁብሽን ለሥራሽ አውዪው። ጎረቤትሽ «ተጫውቶ ይመለሳል» ስትል ሳታውቀው ትምህርት ቤቱን አመስግናለች። የአምስት ዓመት ልጅ የሚማረው ሲጫወት ነው። ደግሞ ማንጎ እየበላ ለሚያድግ የባሕር ዳር ልጅ አፕል ምኑ ነው?

ቤት ይቆይ የሚለውን ተይው። አሁን ባለው ሥርዓት አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው። አምስትና ስድስት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጊዜ ናቸው፤ ልጅሽ ሰዓቱ ደርሷል። ድሮ አፀደ ሕፃናት በአብዛኛው የግል፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የእርዳታ ድርጅት ሥራ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ከዩኒሴፍ ጋር ሆነው የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ግቢው አለ፣ አስተዳደሩ አለ፣ ታላላቆቻቸውም እዚያው ይማራሉ፤ አንድ ክፍል ለትንንሾቹ ይለቀቅ ነው ነገሩ።

ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ግቢው የተሠራው ለትልልቆች ነው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ደብተር አሳዩኝ አትበዪ፤ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እዪ። ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ የተሠራ ቀዳዳ ለአምስት ዓመት ልጅ ገደል ነው። ልጁ ይፈራል። ስለሚፈራ ሽንቱን ይይዛል። ሲይዝ ያመልጠዋል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ በነጋታው «ሆዴን አመመኝ» ይላል። እናት ታዲያ «ልጄ ትምህርት ጠላ» ብላ ትጨነቃለች። ደህና ትምህርት ቤት ለትንንሾቹ ቀዳዳው ጠበብ ያለ፣ ለብቻው የሆነ ሽንት ቤት ያዘጋጃል። አቅም ካጣ ደግሞ እጃቸውን ይዛ የምትወስዳቸው ሞግዚት ትኖራለች። ሁለቱም ከሌሉ «ማን ነው የሚወስዳቸው?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን ሳትሰሚ አትውጪ።

ከዚያ የእረፍት ደወል እስኪደወል ጠብቂ። ስድስተኛ ክፍሎች ኳስ ይዘው ሲወጡ ትንንሾቹ ግድግዳ ተለጥፈው ከቆሙ፣ እረፍታቸው ከትልልቆቹ ጋር አንድ ላይ ነው ማለት ነው። የትንንሾቹን ሃያ ደቂቃ ማስቀደም ሳንቲም አያስወጣም። ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ፤ እምቢ ካለ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንሺው። እኔ ባስተማርኩበት አንድ ግቢ ይህን ያስቀየረችው ጠላ ሻጭ እናት ናት። ተነሥታ «የእኔ ልጅ በኳስ ተመትቶ ደንቁሮ እንዲመለስ ነው?» አለች፤ ቤቱ ሳቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደወሉ ተለወጠ።

ወንበሩንም እዪ። የአምስተኛ ክፍል ዴስክ ላይ የተቀመጠ ልጅ እግሩ ይንጠለጠላል፣ ጠረጴዛው አገጩ ጋ ይደርሳል። ከዚያስ ሰሌን ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

አልደብቅሽም፤ ልጅ ይበዛል። ስልሳም ሰባም በአንድ ክፍል ልታገኚ ትችያለሽ። በዚህ በኩል የግል ኬጂ ይበልጣል። ግን አንዳንዱ ኬጂ በኪራይ መኖሪያ ቤት ነው ያለው፤ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የለውም። የመንግሥቱ ግቢ ቢያንስ ሜዳና ዛፍ አለው።

ጥያቄ፦ ዘጌ አካባቢ የማስተምር ወጣት መምህር ነኝ። አራተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ ዘንድሮ ኦ ክፍል ተመደብኩ። ባልደረቦቼ «ጡረታ ወጣህ» እያሉ ይቀልዱብኛል። መጫወቻ የለም፣ ሥልጠናም አልወሰድኩም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይቀልዱ፣ ልጄ። እርሳስ መያዝ የማይችል ልጅ አንደኛ ክፍል ሲደርሳቸው ያኔ ይፈልጉሃል። ሥልጠናውን ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቅ፤ በቃል የተጠየቀ ይረሳል።

እስከዚያው የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ ይቀመጥ። መጀመሪያ ጣት ይጠንክር። ጭቃ ይለውሱ። ዘጌ ሆነህ ደግሞ ደንገል አታጣም፤ እየጠመዘዙና እያሰሩ ትንንሽ ታንኳ ይሥሩ። ደንገል ማሰር የለመደ ጣት እርሳስ አይከብደውም። ብቻ ደንገል ልንቆርጥ ብለህ ልጆቹን ወደ ውኃው አታውርድ። ወላጆች ያምጡልህ።

ለቁጥር ከመጠጥ ቤት ቆርኪ ሰብስብ። እጠበው፣ ጫፉ የሚቧጭረውን ጣለው። በቀለም ይለዩት፣ ይደርድሩት፣ «የማን ይበልጣል?» ይባባሉ። ከአምስት በላይ ለመሄድ አትቸኩል። የቡና ፍሬ ግን እንዳትሰጣቸው። ዘጌ ቡና ስለሚበቅል ለአንተ ይቀልሃል፤ እነሱ ግን አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል።

ጠዋት ጠዋት ተረት ንገራቸው፤ ግን መሃል ላይ አቁም። «ጅቡ አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» በል። ይጨቃጨቁ። እንቆቅልሽም ጥሩ ነው፤ «ምን አውቅልህ» ሲሉ አፋቸው ይፈታል። ቃል የማትተነፍስ አንዲት ልጅ አትጠፋም። ተነሺና ተናገሪ አትበላት። ቆርኪ እንድታድል አድርጋት፤ የጎደለበት ልጅ ሲጮህባት መልስ መስጠቷ አይቀርም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ካልክ ድምፅህ በጥቅምት ይዘጋል። በቡድን ክፈላቸው። ከሰባተኛ ክፍል የሚያግዙህ ደግ ደግ ልጆችን መርጠው እንዲሰጡህ ርዕሰ መምህሩን ጠይቅ። ትልልቅ ልጆች ትንንሾችን የሚያጫውቱበት «ልጅ ለልጅ» የሚባል መንገድ በዚያው በ2002 ማዕቀፍ ውስጥ አለ፤ ከራስህ ያመጣኸው ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ከየኔታ ዘንድ ሀሁን ቆጥሮ አቡጊዳ ገብቷል። ኦ ክፍል ምን ይጨምርለታል? (ከደቅ ደሴት)

መልስ፦ አባቴ፣ ደግ አድርገዋል፤ ጆሮው ሠልቷል፣ ከየኔታም አይቅር። ኦ ክፍል ደግሞ መሳል፣ መቁጠርና ተራ ጠብቆ መጫወት ይጨምርለታል። ጠዋት አንዱ ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ይዋል። ፊደል እንደሚያውቅ ግን መምህሯን አስቀድመው ይንገሯት። አለዚያ ሌሎቹ ገና «ሀ» ሲሉ እሱ ይሰለቸውና የጎረቤቱን ጆሮ መቆንጠጥ ይጀምራል። ለምዝገባ ሲሄዱ የክትባት ካርዱን ይያዙ።