ጫጩቱ እንዳያይሽ፦ ኮንዶር ማራባት ላይ መሥራት ለምትፈልጊው

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ባዮሎጂ እንደምትማሪ፣ የካሊፎርኒያ ኮንዶርን በሚያራባ ዙ መቀጠር እንደምትፈልጊ ጽፈሽልናል። ምክንያትሽ «ጫጩት አቅፌ ማሳደግ ስለምወድ» የሚል ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከማመልከቻሽ ላይ አውጫት። እዚያ ጫጩት አይታቀፍም።

ይህ ግዙፍ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. 22 ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1987 ዱር የቀረው የመጨረሻው ተይዞ፣ በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት 27ቱም ሳን ዲየጎና ሎስ አንጀለስ ዙ ውስጥ ሆኑ። ከ1992 ጀምሮ ይለቀቃሉ፤ ዛሬ በዱርም በዙም ያሉት ከ500 በላይ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ጫጩቶቹን የሚመግቧቸው የኮንዶር ጭንቅላት በሚመስል የእጅ አሻንጉሊት ነበር። ከተለቀቁ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ሰው መጠጋትና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ማረፍ አመጡ። ስለዚህ አሁን በተቻለ መጠን ኮንዶር ራሱ ያሳድጋቸዋል። ሎስ አንጀለስ ዙ በ2024 ለአሳዳጊ ኮንዶሮቹ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጫጩት እየሰጠ 17 አስፈልፍሏል።

የሰው እጅ የሚገባው እንቁላሉ ላይ ነው። ኮንዶር በአንድ ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ ያ ቶሎ ከተወሰደ ብዙውን ጊዜ ምትክ ትጥላለች። የተወሰደው ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፤ በየጊዜውም ይመዘናል። ውሃው በቅርፊቱ በኩል በልክ ካልወጣ ጫጩቱ የሚተነፍስበት የአየር ኪስ ይጠብበታል፤ ከልክ በላይ ከወጣ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ መውጣት ያቅተዋል።

ይህን በዶሮ እንቁላል ልትለማመጂ ትችያለሽ። የሱፐርማርኬት እንቁላል አይሆንም፤ አውራ ካለበት እርባታ 12 ግዢ፤ ጫጩቶቹን የሚረከብሽንም ሰው አስቀድመሽ ፈልጊ። ፋን ያለውን ማሽን 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጊ፤ እስከ 18ኛው ቀን ቢያንስ በቀን 3 ጊዜ አገላብጪ፤ 0.1 ግራም በሚያነብ ሚዛን እያንዳንዱን መዝኚ። 60 ግራም የነበረው በሳምንት ወደ 3 ግራም ይቀንሳል፤ በ18ኛው ቀን 52 ወይም 53 ላይ ይደርሳል። በሳምንቱ የቀነሰው 1 ግራም ተኩል ብቻ ከሆነ እርጥበቱ በዝቷልና የውሃውን ዕቃ በጠባብ ለውጪ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጥ አቁመሽ እርጥበቱን ጨምሪ።

ጥንድ መምረጥ በዘር መዝገብ የሚሠራ ስለሆነ ጀነቲክስና ስታቲስቲክስ ውሰጂ። ሽማግሌ ሰባት ቤት እንደሚቆጥረው ነው፤ ልዩነቱ፣ ኮንዶሮቹ ሁሉ ከጥቂት ወላጆች ስለወጡ ሰባት ቤት የሚሞላ አይገኝም።

ለእንስሳት እንክብካቤ ሥልጠና ቅርብሽ ያለው ሙርፓርክ ኮሌጅ ነው፤ የራሱ ማስተማሪያ ዙ አለው። የዱሩ ሥራ በአብዛኛው ጊዜያዊ ቅጥር ነው። የፌዴራል መንግሥት ቋሚ ቦታዎች ብዙውን ጊዜ ዜግነት ይጠይቃሉ፤ ግሪን ካርድ ላይ ከሆንሽ በዙዎችና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች በኩል ጀምሪ። ዱር ላይ ዋናው ገዳይ አዳኞች ጥለውት ከሚሄዱት ሬሳ የሚዋጥ የጥይት እርሳስ ነው። ስለዚህ ወፉን ይዞ ደም መቅዳት የዘወትር ሥራ ነው፤ በምንቃሩ መነከስም ያጋጥማል።

ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ የሚዛን መዝገብሽን ይዘሽ ሂጂ። አስቀድመሽ የምትከፍቺው ያልተፈለፈሉትን ከነምክንያታቸው የጻፍሽበት ገጽ ይሁን።